«ከ8 ጊጋ በላይ አትቀበልም» ያለው ማን ነው?

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ይቺ ማሽን ከ8 ጊጋ በላይ ራም አትቀበልም።» ሻጩ ይላታል፣ ጠጋኙ ይላታል፣ የአምራቹ ወረቀትም ላይ ተጽፋለች። ገዢው ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ሕግ ነዋ!

ነገሩ ግን ሁልጊዜ ሕግ አይደለም። ያንን ቁጥር አንድ ሰው፣ በአንድ ወቅት፣ በዚያ ወቅት የነበረውን አይቶ የጻፈው ነው። አንዳንዴ እውነተኛ ግድግዳ ነው፤ ብትገፉትም አይነቃነቅም። አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ በተጻፈበት ዓመት ገበያ ላይ ምን እንደነበረ ብቻ ነው የሚነግረን። አንዳንዴም ሆን ተብሎ የተሰመረ መስመር ነው። ሦስቱን ያልለየ ሰው ወይ የማይሠራ ራም ገዝቶ ይከስራል፣ ወይ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ማሽን ይጥላል።

ስለ ወሰን ማውራት ከተፈለገ ደግሞ አዲስ አበባን የመሰለ ቦታ የለም። ከየካ ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ የሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት፣ «ከዚህ በላይ አይችልም» የተባለ ዋና ከተማ የነበረበት ተራራ ነው። ከታች ያለችው ከተማም በተራዋ «አትችልም» ተብላ ነበር። አንደኛው ፍርድ ትክክል ነበር፤ ሁለተኛው ግን አልነበረም። ልዩነታቸው ስለ ራም ብዙ ያስተምራል።

ተራራው ሲሞላ

ከአዲስ አበባ በፊት የነበሩ ነገሥታት ብዙዎቹ አንድ ቦታ አይረጉም ነበር። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ የሰፈረበት አካባቢ ማገዶው ሲያልቅና እህሉ ሲመናመን ድንኳን ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ይኬዳል። በዛሬ ቋንቋ፣ ማሽኑ በሞላ ቁጥር አዲስ ማሽን መግዛት ማለት ነው።

ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ምርጫው ምክንያት ነበረው፤ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ የሚመጣውን ጠላት ከሩቅ ማየት ይቻላል። ለመከላከያ የተመቸው ከፍታ ለኑሮ ግን አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነው፤ ማገዶው እየራቀ ሄደ፤ ቀለቡም ሁሉ ዳገቱን መውጣት አለበት። እቴጌ ጣይቱ ከታች ያለውን ፍልውሃ ወደዱት፣ ቤት ተሠራበት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

እንጦጦ ወዲያው አልተተወም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን ወርዷል። የተራራው ወሰን በጉልበት ወይም በትእዛዝ የሚለወጥ ዓይነት አልነበረም፤ ከፍታው ከፍታ ነው።

ላፕቶፕም እንዲህ ያለ ወሰን አለው። እሱን ለመረዳት የቤት ቁጥርን አስቡ።

የቤት ቁጥር ሲያልቅ

አንድ ቀበሌ የቤት ቁጥር የሚጽፈው በሦስት አኃዝ ብቻ ነው እንበል። ከ000 እስከ 999፣ በቃ አንድ ሺህ ቤት። ባዶ መሬት ሞልቶ ቢተርፍ እንኳ አንድ ሺህ አንደኛው ቤት ቁጥር ስለሌለው ፖስታ አይደርሰውም። ለቀበሌው ይህ ቤት የለም።

ራምም እያንዳንዱ ባይት አድራሻ አለው። ፕሮሰሰሩ አድራሻውን የሚጠራው በመስመሮች ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 0 ወይም 1 ይላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመር ነበረው። ሁለትን ለ20 ጊዜ ስታባዙት 1,048,576 ይመጣል፤ አንድ ሜጋባይት። በ1982 የወጣው 80286 መስመሮቹን 24 ሲያደርግ ወሰኑ 16 ሜጋ ሆነ። በ1985 የመጣው 80386 ደግሞ 32 ቢት ያዘና 4,294,967,296 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋ ደረሰ። በዚያ ዘመን 4 ጊጋ ራም ማለት የማይሞላ ጎተራ ነበር። ሃያ ዓመት ግን አልፈጀበትም፣ ሞላ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በ2006 ገደማ የተሠሩና በኢንቴል 945 ቺፕሴት የሚሠሩ ላፕቶፖች ነበሩ፤ ቲንክፓድ ቲ60 አንዱ ነው። ሁለት ባለ 2 ጊጋ ራም ትከቱበታላችሁ፣ ሲከፈት የሚያሳያችሁ ግን 3 ጊጋ ገደማ ነው። ቀሪው የት ገባ? ሻጩ አጭበርብሮ ይሆን? አይደለም። ያው የቀበሌው ጉዳይ ነው። ከሺው ቁጥር ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለፖሊስ ጣቢያው የተያዘ አለ። በማሽኑም ውስጥ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍልና ሌሎች ዕቃዎች ከዚያው ከ4 ጊጋ አድራሻ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ራሙ በአካል አለ፤ ቁጥር ግን አልደረሰውም።

ይባስ ብሎ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ሊገጠም ይችላል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ ብትጭኑም ለውጥ የለም፤ ምክንያቱም በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ቺፕሴት ከ4 ጊጋ በላይ መቁጠር አይችልም። ይህ ወሰን እንጦጦ ነው። ሶፍትዌር ብትቀይሩም፣ ውድ ራም ብትገዙም ተራራው አይወርድም። ያለው መፍትሔ እንደ ጣይቱ ቦታ መቀየር ነው።

ፊደላችንም ቁጥር አጥቶ ነበር

የአድራሻ ማነስ ለእኛ በወሬ የምናውቀው ችግር አይደለም። ፊደላችን ራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ቤት ያጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች አንድን ፊደል በአንድ ባይት ያስቀምጡ ነበር። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 256 ቦታ ብቻ አለው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ በላቲን ፊደላት፣ በአኃዞችና በምልክቶች ተይዟል። የአማርኛ ፊደል 33 ረድፍ በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ሏን፣ ሟን፣ ቋን፣ የግዕዝ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ስትጨምሩ ቦታው የትም አይበቃም።

ስለዚህ ሰዎቻችን ዘዴ ዘየዱ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ ቀለሙን ቆራርጦ አካሉንና ቅጥሉን ለየብቻ አስቀመጠ። በላቲኑ ቁጥር ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለበሱም ነበሩ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከሥሩ ያለው ቁጥር የላቲን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ የራሱን ሰፈር አገኘ። ከ300 በላይ ምልክቶች እያንዳንዳቸው የማንም ያልሆነ ቁጥር ተሰጣቸው። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ዛሬ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ ያው ቃል በላቲን ፊደል ቢጻፍ 5 ባይት ይበቃዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ገጽ ለሚያስስ ፕሮግራም ትንሽ አይደለም፤ በቋንቋችን የሚሠራ ሰው ከሌላው ይልቅ ቦታ ይፈልጋል።

ከአድራሻ ወሰን ያመለጥነው እንዴት እንደሆነ ልብ በሉ። ያው ሰፈር ውስጥ ተጨናንቀን አይደለም፤ አዲስና ሰፊ ቁጥር ወዳለበት ወጥተን ነው። ሁሉም ወሰን ግን መውጣትን አይጠይቅም።

ያልተፈጸመው ስደት

ወደ ከተማዋ እንመለስ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች አሥር ዓመት አለፍ ሲል የእንጦጦው ችግር እዚህም መጣ። ከዐድዋ ድል በኋላ ሕዝቡ በዛ፣ የውጭ መንግሥታትም መልእክተኞቻቸውን ላኩ። ዛሬ የካ ውስጥ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቤት ሠሪው፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ ሁሉም እንጨት ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው ጥድና ወይራ እየተመነጠረ አለቀ።

የተለመደው መፍትሔ ታወቀ፦ እንነሣ። በ1893 ዓ.ም. ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ደን ባለበት አካባቢ አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። አዲስ አበባ «ከዚህ በላይ አትችልም» ተብላለች ማለት ነው።

ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም። የሀገር ጥድ ለማገዶ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል፤ ከተማው በየዓመቱ የሚያነደው ግን ከሚበቅለው ይበልጣል። በጥድ ሒሳብ አዲስ አበባ ሞታለች።

ነገር ግን ሒሳቡ የጥድ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመነጨ አንድ ዛፍ ወደ አገር ገብቶ ነበር። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። መንግሥት ተክሉን አበረታታ፣ ሰዉም ተከለ። ለጋሲዮኖቹም መኳንንቱም ለግንባታ ብዙ ገንዘብ ስላፈሰሱ መነሣቱን አልወደዱትም። ስደቱ ቀረ። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንጦጦም በባሕር ዛፍ ለበሰ፤ ዛሬ የምናየው አረንጓዴ አብዛኛው የዚያ ውርስ ነው።

ስለዚህ በ1893ቱ «አትችልም» ውስጥ ያልተነገረች አንዲት ቃል ነበረች፦ «አሁን ባለው ዛፍ»።

አሁን ባለው ቺፕ

አብዛኛው የላፕቶፕ ወረቀትም ያችን ቃል ይዘላታል። ቲንክፓድ ኤክስ220ን ውሰዱ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሌኖቮ በወረቀቱ ላይ የራሙ ከፍተኛ መጠን 8 ጊጋ ነው ብሏል። ሁለት ስሎት አለው፤ በወቅቱ በገበያ እንደ ልብ የሚገኘው ትልቁ የላፕቶፕ ራም 4 ጊጋ ነበር። ሁለት ጊዜ አራት፣ ስምንት። አምራቹ የሞከረውንና የሚያውቀውን ጻፈ። በኋላ ባለ 8 ጊጋ ራም በብዛት ሲመጣ ሰዎች ሁለቱን ከተው ሞከሩት፤ 16 ጊጋ ሠራ። የፕሮሰሰሩ አምራች ኢንቴልም በራሱ ሰነድ 16 ብሎ ነበር። 8 ያለው ወረቀቱ እንጂ ማሽኑ አልነበረም።

ታዲያ ወረቀቱን ቀዳችሁ ጣሉ ማለት ነው? ቆይ! ለምን 16 እንደሆነና ለምን 32 እንደማይሆን ማወቅ አለባችሁ።

አንድ የራም ካርድ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ጥቁር ቺፖች አሉ፤ በተለመደው የላፕቶፕ ራም ላይ በሁለቱ ጎን ቢበዛ 16። በእያንዳንዱ ቺፕ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቋቶች አሉ። እያንዳንዱ ቋት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሙላት ይይዛል፤ ሙላቱ ግን ስለሚያፈስ በየ64 ሚሊሰከንዱ ታድሶ ይሞላል። ይህን አሠራር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው። በ1970 ኢንቴል ለገበያ ያወጣው 1103 የተባለው ቺፕ የሚይዘው 1,024 ቢት ነበር። በኤክስ220 ዘመን አንድ ቺፕ 4 ጊጋቢት ደርሶ ነበር፤ ከአራት ሚሊዮን እጥፍ በላይ።

ስሌቱ እንግዲህ ቀላል ነው። 16 ቺፕ በ4 ጊጋቢት 64 ጊጋቢት ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 8 ጊጋባይት። የዚያ ዘመን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ፣ ራሙን የሚያስተናግደው ክፍላቸው የሚያውቀው እስከ 4 ጊጋቢት ያለውን ቺፕ ነው። ስለዚህ በአንድ ስሎት 8፣ በሁለት ስሎት 16። ባለ 8 ጊጋቢት ቺፕ ያለበት ባለ 16 ጊጋ ካርድ ብትከቱበት ቁጥሩን ማንበብ አይችልም። ይኼኛው እንደገና እንጦጦ ነው።

ያ ማለት የወረቀቱን ቁጥር ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ትውልድና የስሎቱን ብዛት ነው ማየት ያለባችሁ። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ440ኤስ አራተኛ ትውልድ ነው፤ 4 ጊጋ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ አንድ ስሎት ደግሞ ክፍት ነው። አራት ሲደመር ስምንት፣ 12። እዚያ ላይ ማንም «16 አደርግላችኋለሁ» ቢል አትመኑት። ሶፍትዌርም ሲያወራ ተጠንቀቁ፤ ሊነክስ ላይ ዲኤምአይዲኮድ የሚባለው ትእዛዝ «ከፍተኛው መጠን» ብሎ የሚያሳየው ባዮሱን የጻፈው ሰው ያሰፈረውን ነው። ያውም ወረቀት ነው።

ሆን ተብሎ የተሰመረው

ሦስተኛው ወሰን ከተራራም ከዛፍም አይደለም፤ ከሰው ውሳኔ ነው። ዊንዶውስ 7 ስታርተር የተባለው እትም ከ2 ጊጋ በላይ ራም አይጠቀምም ነበር። ባለ 64 ቢቱ ሆም ቤዚክ 8 ጊጋ ላይ ይቆማል፣ ሆም ፕሪሚየም 16 ላይ። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለየው የከፈላችሁት ዋጋ ነው።

የዛሬው አጥር ደግሞ ብየዳ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ስስ ላፕቶፖች ተከትለውታል። ለዚህ ቴክኒካዊ ምክንያትም አለ፦ መስመሩ ያጥራል፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ማሽኑ ይሳሳል። ግን ውጤቱን ተመልከቱ። በተገዛበት ቀን የነበረው ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። ባሕር ዛፍ ቢመጣም የሚተከልበት መሬት የለም።

ይህ ለሲያትል ነዋሪና ለየካ ነዋሪ እኩል አይደለም። እኛ ዘንድ አብዛኛው ላፕቶፕ ሁለተኛ ሕይወቱን ሊኖር ነው የሚመጣው። መገናኛ ካሉት ሱቆች የሚገዛው ማሽን ሌላ አገር አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አዲስ ማሽን የመግዛት ሕልም ያኔ ራቀ። አንድ ካቻቪቴና አንድ የራም ካርድ ግን አሁንም የተማሪን ዓመት ሊያተርፉ ይችላሉ፤ ፕሮግራሚንግ በሚማር፣ ቪዲዮ በሚቆርጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አሥራ አምስት ገጽ ከፍቶ በሚሠራ ልጅ እጅ በ4 ጊጋና በ12 ጊጋ መካከል ያለው ልዩነት መሥራትና አለመሥራት ነው። ራም ሲበየድ ያ ዕድል ከእጁ ይወሰዳል፤ የወሰነውም እሱን ያላሰበ ሰው ነው።

የባሕር ዛፉ ዋጋ

ማስፋት ራሱ ግን ነፃ አይደለም። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አድኗል፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልቡ አያበቅልም፣ የሀገሩን ጥድም ተክቶታል። ሸክሙንም የተሸከመ አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው፤ ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። የከተማዋ ወሰን የሰፋው በእነሱ ወገብ ነው።

በእኛ ሙያም እንዲሁ ነው። ራም በረከሰ ቁጥር ሶፍትዌር ጻፊው ይዘናጋል። አንድ መልእክት መላኪያ ፕሮግራም ሙሉ ብራውዘር ተሸክሞ ይመጣል፤ ትናንት 2 ጊጋ ላይ ይሠራ የነበረው ዛሬ 8 ይጠይቃል። ሸክሙን የሚሸከመው ጻፊው አይደለም፤ አሮጌ ማሽን ይዞ የሚጠብቀው ተጠቃሚ ነው። ከየካ ሆኖ ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን የመርሳት መብት የለውም።

እንግዲህ «አትቀበልም» ስትባሉ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚከለክለው የአድራሻ መስመሩ ወይም የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው? ከሆነ ተራራ ነው፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ የተጻፈው ትልልቁ ራም ከመምጣቱ በፊት ነው? ከሆነ የዛፍ ጉዳይ ነው፤ ሻጩን «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙና ሞክሩ። የራሙን ዓይነት ብቻ አትሳቱ፤ 1.35 ቮልት ብቻ የሚቀበል ማሽን የ1.5 ቮልቱን ዲዲአር3 አይወድም፣ ዲዲአር4 ደግሞ ዲዲአር3 ስሎት ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ሦስተኛ፣ ስሎት አለው ወይስ ተበይዷል? ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ገጽ ማየት፣ ካልሆነም የኋላ ክዳኑን አስከፍቶ በዓይን ማረጋገጥ ነው።

ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ የጀመሩትን ግንባታ ያቆሙት አዲስ አበባ ወሰን የሌላት ከተማ ስለሆነች አይደለም። የተነገራቸው ወሰን በየትኛው ዛፍ እንደተለካ በጊዜ ስለታወቀ ነው።